የፎርክ ግንድ መቁረጥና ጥርስ ማውጣት፤ ባለ 1 ኢንች የብረት ፎርክ

ከሌላ ብስክሌት የተፈታ ፎርክ (የፊት ጎማውን የሚይዘው ሹካ) ለያዙት ፍሬም ልክ የሚሆነው እንደ ዕድል ነው። አብዛኛውን ጊዜ በፍሬሙ አንገት ውስጥ የሚያልፈው ቱቦው ይረዝማል። ማሳጠሩ ቀላል ይመስላል፤ ሴጌቶ ማንሳትና መቁረጥ። ችግሩ ጥርሱ ያለው ከላይ መሆኑ ነው። ሦስት ሳንቲ ሜትር ሲቆርጡ ዳዶው የሚይዝበት ጥርስም አብሮ ይወድቃል፣ የቀረው ለስላሳ ቱቦ ላይ ደግሞ ምንም አይጠመጠምም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ብዙ ሰው ከሚያስበው ተቃራኒ ነው፦ መጀመሪያ ጥርሱን ወደ ታች ማስቀጠል፣ መቁረጥ ከዚያ በኋላ። ላይ ያለው ጤነኛ ጥርስ ዳዩን (ጥርስ የሚያወጣውን መሣሪያ) ቀጥ አድርጎ የሚመራው እሱ ነውና ሳይቆረጥ ይጠቀሙበት።

በስያሜ እንግባባ። የፎርኩ ሁለት እግሮች የሚገናኙበትን ትከሻ፣ ከትከሻው ተነስቶ በፍሬሙ አንገት ውስጥ የሚያልፈውን ቱቦ ግንድ እንለዋለን። ግንዱ ከአንገቱ በላይ ብቅ ሲል ባለጥርሱ ስኒ ይጠመጠምበታል፤ በስኒው ላይ ሮንደላ፣ በሮንደላው ላይ መቆለፊያ ዳዶ ይመጣል። መሪውን የተሸከመው ዘንግ ከላይ ወደ ግንዱ ውስጥ ይገባና ጫፉ ላይ ባለው ሽብልቅ ተወጥሮ ይቆማል።

ይህ ሥራ ለብረት ግንድ ብቻ ነው። ማግኔት ካልያዘው ይተዉት። አሉሚኒየምና ካርቦን ላይ ጥርስ አይወጣም። ምክንያቱን በቁጥር ለማየት፦ የባለ 1 ኢንች ግንድ ውጫዊ ስፋት 25.4 ሚሊ ሜትር፣ ውስጣዊው 22.2 ነው፤ የግድግዳው ውፍረት 1.6 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ጥርሱ ከዚያ ላይ 0.65 ያህል ይበላል። ጥርስ ባለበት ቦታ ሁሉ ብስክሌተኛውን የሚሸከመው ከ1 ሚሊ ሜትር በታች የሆነ ብረት ነው ማለት ነው። (መሪው ግንዱን ከውጭ በብሎን የሚጨብጥባቸው አዳዲስ ብስክሌቶች ጥርስ የላቸውም። እነሱ ላይ ግንዱ ከመጨበጫው አናት 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ ይቆረጣል፣ ሥራው እዚያው ያልቃል።)

ጥርሱን ማወቅ

በባለ 1 ኢንች ግንድ ላይ በብዛት የሚገኘው በ1 ኢንች ርዝመት ውስጥ 24 ጥርስ ያለው ነው። የድሮ የጣሊያን ብስክሌቶችም 24 ናቸው፤ የሚለዩት በጥርሱ ማዕዘን ነው፣ 60 ዲግሪ መሆኑ ቀርቶ 55። በእንግሊዟ ኖቲንግሃም ከተማ ይሠሩ የነበሩ የድሮ ራሌ ብስክሌቶች ግን 26 ጥርስ ናቸው። የድሮ የፈረንሳይ ፎርክ ደግሞ 25 ሚሊ ሜትር ስፋት ኖሮት ከጥርስ ጥርስ ርቀቱ ልክ 1 ሚሊ ሜትር ነው። በዓይን አይለዩም። የተሳሳተው ዳዶ ሦስት አራት ዙር እሺ ብሎ ይገባና ይጠብቃል፤ "ትንሽ ዝጎ ነው" ብሎ በቁልፍ የገፋው ሰው ሁለቱንም ያበላሻቸዋል።

መለያው ካሊፐር ነው። ከአንድ ጥርስ አናት ጀምረው 20 ጥርስ ይቁጠሩና ርዝመቱን ይለኩ። 21.2 ሚሊ ሜትር ከሆነ ባለ 24 ነው። 19.5 ከሆነ ባለ 26፣ ልክ 20 ከሆነ የፈረንሳዩ። አንድ ወይም ሁለት ጥርስ ብቻ መለካት ምንም አይነግርዎትም፣ ልዩነቱ ከፀጉር የቀጠነ ነው።

እግረ መንገድዎን የታችኛው የኩሽኔታ ቀለበት የሚቀመጥበትን የትከሻ ወንበር ይለኩ። 26.4 እና 27.0 ሚሊ ሜትር ሁለቱም ገበያ ላይ አሉ። ባለ 26.4 ቀለበት ባለ 27.0 ወንበር ላይ በመዶሻ ሲመታ ይሰነጠቃል፤ በተቃራኒው ከሆነ ልቅ ሆኖ ይወዛወዛል። ሰፊውን ወንበር በመሣሪያ ማጥበብ ይቻላል፣ ጠባቡን ማስፋት ግን አይቻልም። ቀላሉ መፍትሔ ከፎርኩ ጋር የመጣውን ቀለበት ይዞ መቆየት ነው፣ ከሌሎቹ ስኒዎች ጋር የሚስማማ ከሆነ።

ልኬቱ

ሁሉም ልኬት የሚነሳው ቀለበቱ ከሚያርፍበት የትከሻ ጠርዝ ነው። ከእግሩ ጫፍ ወይም ከግንዱ አናት የሚነሳ ልኬት ያሳስታል።

አንድ ፍሬም እንውሰድ። አንገቱ 120 ሚሊ ሜትር ነው። ከአንገቱ በታች ያለው ኩሽኔታ ከነቀለበቱ 12 ይወስዳል። ከአንገቱ በላይ፣ ከታሰረው ስኒ ጀምሮ እስከ ባለጥርሱ ስኒ አናት 15። ሮንደላው 2። መቆለፊያ ዳዶው ውስጡ ያለው ጥርስ 8 ሚሊ ሜትር ጥልቀት አለው። ሲደመር 157። ከዚህ 1 ሚሊ ሜትር ይቀንሱና ግንዱ 156 ይሁን።

ያቺ 1 ሚሊ ሜትር ቀላል አይደለችም። አብዛኛው መቆለፊያ ዳዶ አናቱ ላይ ወደ ውስጥ የታጠፈ ከንፈር አለው። ግንዱ ከረዘመ ዳዶው ሮንደላውን ሳይጫን በፊት ከንፈሩ ግንዱ ጫፍ ላይ ያርፋል። እጅዎ "ጠበቀ" ይላል፣ ቁልፉም አልንቀሳቀስ ይላል፣ ግን ከሥር ምንም የታሰረ ነገር የለም። ብስክሌቱ ሁለት ቀን ተነድቶ መሪው መንገጫገጭ ይጀምራል። "የአንገት ኩሽኔታው አልረጋ አለ" ተብሎ ብዙ ጊዜ የሚፈታውና የሚታሰረው ፎርክ በሽታው ይኼ ሆኖ ይገኛል። በጣም ማሳጠሩም የባሰ ነው። አንድ ዙር 1.06 ሚሊ ሜትር ያህል ነውና ዳዶው ቢያንስ አምስት ሙሉ ዙር ካልያዘ አንድ ቀን ጥርሱን ልጦ ይወጣል።

ሁለተኛው ስሌት ጥርሱ ወደ ታች እስከ የት መድረስ እንዳለበት ነው። በምሳሌያችን የባለጥርሱ ስኒ አናት ከትከሻው 147 ላይ ነው (120፣ 12 እና 15 ሲደመሩ)። የስኒው የውስጥ ጥርስ ከአናቱ ወደ ታች 10 ሚሊ ሜትር ይወርዳል፣ ስለዚህ እስከ 137 ይደርሳል። ለማጥበቂያ 3 ሚሊ ሜትር ትርፍ ይስጡት፦ 134። ዳይ ደግሞ የመጨረሻዎቹን ሁለት ሦስት ጥርሶች ሙሉ አድርጎ አያወጣቸውም፣ ስለዚህ 131 ድረስ ይወረዳል። አሁን የተገኘው ፎርክ ግንዱ 190፣ ጥርሱ ከላይ 50 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። ጥርሱ የሚጀምረው 140 ላይ ነው። ሊጨመር የሚገባው 9 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ሊቆረጥ የሚገባው 34።

ይህን ስሌት ሳይሠሩ ዳይ የሚያነሱ ሰዎች ግማሾቹ ጥርስ ማውጣት ጭራሽ አያስፈልጋቸውም። ጥርሱ ወደ ታች በቂ ሆኖ ግንዱ ከላይ ብቻ በጥቂት ሚሊ ሜትር ከረዘመ፣ በስኒውና በዳዶው መካከል ተጨማሪ ሮንደላ ማስገባት ይበቃል። መልኩ ላያምር ይችላል፣ ጥንካሬው ግን አይጎድልም።

ፎርኩን የሚያስጥሉ ሁለት ምልክቶች

የመጀመሪያው ሽብልቁ የሚያርፍበት ቦታ ነው። የመሪው ዘንግ ላይ የተቀረጸ የዝቅተኛ መግቢያ መስመር አለ፣ ብዙ ጊዜ ከታች ጫፉ ከ60 እስከ 65 ሚሊ ሜትር ላይ። ሽብልቁ ሲወጠር ግንዱን ከውስጥ ወደ ውጭ ይገፋዋል። ጥርስ ያለበት ቦታ ላይ ከገፋው፣ ያ ከ1 ሚሊ ሜትር በታች የቀረው ግድግዳ ያብጣል፣ ቀጥሎም በመጨረሻው የጥርስ ሥር ዙሪያውን ይሰነጠቃል። እዚያ ላይ የተሰበረ ግንድ መሪውን ከፎርኩ ይለየዋል፣ በቁልቁለት ላይም ቢሆን። በምሳሌያችን የዳዶው አናት፣ በ157ቱ ላይ የከንፈሩ ውፍረት ሲጨመር፣ 159 ገደማ ላይ ይሆናል፤ ዘንጉ 65 ሲገባ ጫፉ 94 ላይ ይደርሳል። የሽብልቁ ግፊት ከዚያ 30 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ላይ ይዘልቃል፣ እስከ 124። ጥርሱ 131 ላይ ስላቆመ ተርፏል፣ ግን በ7 ሚሊ ሜትር ብቻ። ዘንጉን 10 ሚሊ ሜትር ጨምሮ ማስገባት ይመረጣል። ጥርሱን ከ2 ሳንቲ ሜትር በላይ ማውረድ የሚጠይቅ ፎርክ ከሆነ ባይጀመር ይሻላል፤ ሌላ ፎርክ መፈለግ ከሥራው ይቀላል።

ሁለተኛው ከውስጥ ነው የተደበቀው። ብዙ የብረት ግንዶች ወደ ትከሻው ሲጠጉ ግድግዳቸው ይወፍራል፣ ውስጣቸውም ይጠባል። ለረጅም ፍሬም የተሠራ ፎርክ በብዙ ሲቆረጥ ዘንጉ ወደዚያ ጠባብ ቦታ ይደርስና አልገባም ይላል። ስለዚህ ምንም ሳይነኩ የመሪውን ዘንግ ወደ ግንዱ ይጣሉትና የት እንደሚቆም ይዩ። 120 ሚሊ ሜትር ገብቶ ከቆመ፣ 34 ሲቆረጥ 86 ይቀራል፣ ይበቃል። 95 ላይ ከቆመ የሚቀረው 61 ነው፤ ዝቅተኛው መስመር 65 ከሆነ ይህ ፎርክ ለዚህ ፍሬም አይሆንም። ዘንጉን አሳጥሮ ለማስገባት የሚደረግ ሙከራ ሽብልቁን ወደ ጥርሱ ነው የሚያወጣው።

ዳዩ

ብዙ ድካም የሚባክነው እዚህ ነው። ከመሣሪያ ሱቅ "ባለ 1 ኢንች ዳይ" ብለው ቢጠይቁ የሚሰጥዎት በኢንች 8 ወይም 12 ጥርስ ያለው የማሽን ብሎን ዳይ ነው። ቧንቧ ሠራተኛው የያዘውም አይሆንም፤ 1 ኢንች የሚባለው የውሃ ቧንቧ ውጫዊ ስፋቱ 33 ሚሊ ሜትር ገደማ ሆኖ 11 ጥርስ ነው ያለው። የሚፈለገው 25.4 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ በኢንች 24 ጥርስ የሆነ ዳይ ነው። ይህ የብስክሌት የራሱ ልክ ነው፣ ሌላ ሙያ ውስጥ አይገኝም ማለት ይቻላል። እንደ ፓርክ ቱልና ቫር ያሉ የብስክሌት መሣሪያ አምራቾች ከነእጀታውና ዳዩን ቀጥ አድርጎ ከሚመራው ቀለበት (መሪ ቀለበት) ጋር ሠርተውታል።

ሲመርጡ ባለ ሃይ ስፒድ ስቲል (ለመቁረጫ የሚሆን ጠንካራ ብረት) የሆነውን፣ አንድ ጎኑ የተሰነጠቀና በብሎን የሚጠብና የሚሰፋውን ይያዙ። ጥሩ ግንድ ክሮሞሊ (ክሮምና ሞሊብዲነም የተቀላቀለበት ጠንካራ ብረት) ነው፣ ርካሽ ዳይ በመጀመሪያው ፎርክ ላይ ጥርሱን ያራግፋል።

ወደ ቶርኖ ቤት መውሰድስ? ግንዱ ገና ከትከሻው ጋር ካልተበየደ ከቶርኖ የተሻለ የለም። የተበየደ ፎርክ ግን እግሮቹ ወደ ጎን ተንሰራፍተው ስለሚዞሩ ማሽኑ ላይ ማሰሩም ማዞሩም አደገኛ ነው። ቶርኖ ቤቱ በዚህ ሥራ ላይ የሚጠቅመው ሌላ ነገር ነው፦ ውስጡ 25.5 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ 40 ሚሊ ሜትር የሚረዝም ቀለበት አስጠርበው ከዳዩ እጀታ ፊት ቢያስሩት ዳዩ አይጣመምም። ባዶ ግንድ የሚያስጠርቡ ከሆነም "24 በኢንች" የሚለውን በወረቀት ጽፈው ይስጡ። "1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው" ተብሎ የወጣ ጥርስ በአሥር ጥርስ ውስጥ ከግማሽ ሚሊ ሜትር በላይ ይስታል፤ ዳዶው መሐል ላይ ይነክሳል።

ጥርሱን ማስቀጠል

ግንዱን በባዶ ሞርሳ አይጭመቁት፣ ይሞልላል። የሞለለ ቱቦ ላይ ዳይ በአንድ በኩል ይበላል በሌላው ይንሸራተታል። ሁለት የጠንካራ እንጨት ቁራጮችን አጋጥመው መሐላቸውን በ25 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ ይብሱና ለያይተው እንደ ከንፈር ይጠቀሙባቸው። የሚጨበጠው ከትከሻው አጠገብ ያለው ክፍል ነው፣ ወፍራሙ እዚያ ነውና።

ዳዩ የሚደርስበትን ቦታ ከቀለምና ከዝገት በሞረድ ወረቀት ያጽዱ። ኒኬል ወይም ክሮም ከተነከረ ሽፋኑ መነሳት አለበት፤ ክሮም የዳይ ጠላት ነው። 131 ላይ በጥቁር ማርከር ዙሪያውን ያስምሩ።

ዳዩን በትንሹ ከፍተው በግንዱ አናት ላይ በእጅ ያስገቡት። ባለው ጥርስ ላይ ያለ ምንም ጉልበት ተንሸራትቶ መውረድ አለበት። እምቢ ካለ ይቁም፤ ወይ የጥርሱ ዓይነት ተሳስቷል፣ ወይ ዳዩ ከልክ በላይ ጠቧል። በኃይል ከገፉት ያለውን ጥርስ ቆርጦ ያቀጥነዋል፣ በኋላ ዳዶው ልቅ ይሆናል፣ ለዚያ ደግሞ መድኃኒት የለውም። ፎርኩ ተጣለ ማለት ነው።

ከቀድሞው ጥርስ መጨረሻ ላይ ሲደርስ እጅዎ ላይ ይታወቅዎታል፣ እጀታው ከበድ ይላል። ከዚህ ጀምሮ ዘይት። የጥርስ መቁረጫ ዘይት ካለ እሰየው፤ ከሌለ የቀለጠ ሞራ ከሞተር ዘይት በተሻለ ይሠራል። ግማሽ ዙር ወደ ፊት፣ ሩብ ዙር ወደ ኋላ። ወደ ኋላ ሲመለስ ትንሽ "ቅጭ" የሚል ስሜት ይሰማል፣ ፍቅፋቂው ሲበጠስ ነው። ፍቅፋቂው እንደ ጠጉር ተጠቅልሎና አብረቅርቆ ከወጣ ሥራው ጤነኛ ነው፤ እንደ አሸዋ ከደቀቀ ወይ ዳዩ ደንዝዟል ወይ ዘይቱ አልደረሰም። በየሁለት ዙሩ በብሩሽ ይጥረጉት። ግንዱ ላይ ቁመቱን የሚሄድ ቦይ ካለ ዳዩ ቦዩን በተሻገረ ቁጥር ይይዘዋል፣ እዚያ ላይ ቀስ ይበሉ።

ምልክቱ ላይ ሲደርሱ ዳዩን አውጥተው በብሎኑ በትንሹ ያጥብቡትና ሁለተኛ ጊዜ ይለፉ። የልኩ ዳኛ ካሊፐር አይደለም፣ ራሱ ባለጥርሱ ስኒ ነው። በጣት ኃይል እስከ መጨረሻው መውረድ አለበት፣ ሲነቀነቅ ግን መንቀጥቀጥ የለበትም። በእጅ ከሄደ ዳዩን እንደገና አያጥብቡ።

መቁረጥ

አሁን 156 ላይ። ሁለት የማይፈለጉ ዳዶዎች ግንዱ ላይ ጠምጥመው የታችኛው ዳዶ አናት ልክ መስመሩ ላይ እንዲሆን ያድርጉ። ሁለተኛውን በላዩ በአንድ የሴጌቶ ምላጭ ውፍረት አራርቀው ያስቀምጡት። ምላጩ በሁለቱ መካከል ይሄዳል፣ ሊጣመም ቦታ የለውም። ምላጭ በኢንች 32 ጥርስ ያለውን ይጠቀሙ፤ ሰፊ ጥርስ ያለው ቀጭን ግድግዳ ላይ እየተሰነቀረ ይሰበራል።

የቧንቧ መቁረጫ ጎማ ያለው መሣሪያ ንጹሕ ቢመስልም ለዚህ አይሆንም። ብረቱን የሚጨፈልቅ እንጂ የሚያነሳ አይደለምና ጠርዙን ወደ ውስጥ ያጥፈዋል፤ 22.2 ሚሊ ሜትር የነበረው ቀዳዳ ይጠብና የመሪው ዘንግ አልገባም ይላል።

ሲቆረጥ ጫፉን በጠፍጣፋ ሞረድ ያስተካክሉ፣ የዳዶው አናት ራሱ መመሪያ ይሆናል። የውጭውን ጠርዝ አንድ ጥርስ ያህል በ45 ዲግሪ አዘንብለው ይሞርዱት፣ የውስጡን ሹል በክብ ሞረድ ያንሱ። ከዚያ የታችኛውን ዳዶ ፈትተው ያውጡት። ሲወጣ የተቆረጠውን ጥርስ ጫፍ እያጸዳና እያቀና ነው የሚወጣው፤ ዳዶው ከመቁረጡ በፊት እንዲጠመጠም የተፈለገበት ግማሹ ምክንያትም ይኸው ነው። ግንዱን ገልብጠው ፍቅፋቂውን ያራግፉ፣ ኩሽኔታ ውስጥ የገባ አንድ ቅንጣት ስኒውን ይቦረቡራል።

ሮንደላው ባለምላስ ከሆነና ቦዩ ከተቆረጠው ክፍል ጋር ከሄደ ሁለት መንገድ አለ፦ ቦዩን በቀጭን ሞረድ ማስቀጠል፣ ወይም ምላሱን ሞርዶ ማጥፋት። ሁለተኛው ይሻላል። በቦዩ ውስጥ በደንብ ያልተቀመጠ ምላስ ዳዶው ሲጠብቅ ይዞርና አሁን የደከሙበትን ጥርስ እንደ ማረሻ ያርሰዋል።

ማሰርና መፈተሽ

ብዮቹ አብዛኛውን ጊዜ 5/32 ኢንች ናቸው፤ ግራሶ በብዛት። ባለጥርሱን ስኒ በእጅ እስኪነካ ያጥብቁ፣ አንድ ስምንተኛ ዙር ይመልሱ፣ በቀጭን ቁልፍ ይዘው መቆለፊያ ዳዶውን በ32 ቁልፍ ያስሩ (አንዳንዱ 30 ነው)። ዳዶው ሲጠብቅ ስኒውን ትንሽ ወደ ታች ስለሚጫነው መጀመሪያ ጥቂት ልቅ ቢመስል ትክክል ነው።

የፊት ፍሬኑን ይዘው ብስክሌቱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይግፉ። ከአንገቱ ጓ ካለ ልቅ ነው። የፊቱን ጎማ አንስተው መሪውን ይልቀቁት፣ በራሱ ክብደት ወደ ጎን መውደቅ አለበት። በአንድ በኩል ቀሎ በሌላው የሚከብድ ከሆነ ጥርሱ ተጣምሞ ነው የወጣው፣ ስኒውም ዘንበል ብሎ ተቀምጧል። ዳዶው ሮንደላውን በአንድ ጎን ብቻ ሲነካ በማየት ይረጋገጣል፤ በሌላው ጎን ምስማር የሚያስገባ ክፍተት ይታያል። ሮንደላ በመደራረብ አይድንም። ጥርሱ ያልተቆረጠበት ግንድ ያለው ሌላ ፎርክ ይፈለጋል፣ ዳዩም በዚህኛው ጊዜ ከነመሪ ቀለበቱ።